የአንዲት ፊደል ስሕተት

ናርቫ። የካቲት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት።
ሃያ ስድስት ድርሰት ጠረጴዛዬ ላይ፣
ቀይ እስክሪብቶ በእጄ፣
ከመስኮቴ ሥር ወንዙ፣ ግማሹ በረዶ ግማሹ ውኃ፤
ወዲህ አንድ ምሽግ፣ ወዲያ አንድ ምሽግ፣
አምስት መቶ ዓመት ሲተያዩ
አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደርክ ሳይባባሉ።

ጥያቄውን ያወጣሁት እኔው ነኝ፦
«በልብ ወለዱ ውስጥ ባዕዱ ማን ነው?
ባይተዋርነቱስ ከምን መጣ?
በሦስት አንቀጽ፣ ጥቅስ እያወጣችሁ።»

መጽሐፉ ስለ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤
ከባሕር ማዶ መጥቶ ደሴት ላይ የከረመ፣
የመንደሩን ሰዓት ሁሉ ከሞት ያስነሣ፤
ጸሎቱ በእሱ፣ ቀጠሮው በእሱ፣
የዓሣ ጀልባው መነሻ በእሱ፤
ሠርግ ሲሆን ግን
ሰዓቱ ይደውላል፣ እሱን የሚጠራ የለም።

ሃያ አምስቱ ያንኑ ጻፉልኝ፦
«ባዕዱ ጠጋኙ ነው፤ ሠርግ አልጠሩትምና።»
ትክክል። ትክክል። ትክክል።
ትክክሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ሃያ ስድስተኛው የግላፊራ ነው።
ከኋላ የምትቀመጥ፣ ስትጠየቅ ጠረጴዛዋን የምታይ፤
አያቷ ለጥጥ ፋብሪካው መጥቶ የቀረ፣
አባቷ ዛሬም ግራጫ ፓስፖርት የያዘ፣
የማንም ዜጋ ላልሆነ ሰው የተመረጠ ቀለም።

እንዲህ ትላለች፦
«ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ
ጠጋኙ የኪሱን ሰዓት አያስተካክላትም፤
ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች።
ጓደኞቼ ደራሲው ረስቶ ነው አሉ። አልረሳም።
እኛ ቤት አዲስ ዓመት ሁለቴ ይገባል፤
መጀመሪያ በወንዙ ማዶ ሰዓት፣ አባቴ ብርጭቆውን ያነሣል፤
ከዚያ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ፤
ከዚያ በዚህኛው።
መካከል ላይ ያለችው ሰዓት የማን ናት?
እኔ ያደግሁት እሷ ውስጥ ነው።»

በመጨረሻም፦
«እኔ ከቤት እኖራለሁ።»

እስክሪብቶዬ ፈጥኖ ወረደ፤ ሃያ ዓመት የለመደ እጅ።
በቋንቋችን ቤት ጭራው ብዙ ነው፤
ወደ ቤት፣ እስከ ቤት፣ ያለ ቤት፣
ሁሉም እንደ ጭራው ይለያል፤
በቤትን ከከቤት የምትለይ ግን አንዲት ፊደል ናት፣
እሷን ነው የሳተችው።
ከበብኳት።
ቀና ብዬ ሳያት
ቀይ አጥር ውስጥ ብቻዋን ቆማለች።

እኔስ?
ዘጠኝ ዓመቴ ነው እዚህ ከተማ፣ ከደሴት የመጣሁ።
አገሩ የኔ፣ ፓስፖርቴ ቀይ፣ ሕጉ በአፌ የተጻፈ፤
ገበያ ስወርድ ግን ጎመን ሻጯ አንፊሳ
አፌን ስከፍት ጨዋታዋን ታቋርጣለች።
ክፋት የለባትም። እንዲያውም ሁሌ ትቀንስልኛለች፣
ለእንግዳ እንደሚቀነሰው።
ደሴቴ ስገባ ደግሞ እህቴ
ከቁምሳጥኑ የላይኛው መደርደሪያ
ያልተነካ ፎጣ ታወርድልኛለች።
እናቴ ቤት ውስጥ፣ የእንግዳ ፎጣ!
ከቤት እኖራለሁ ማለት ይኼ ነው እንዴ?
እስከ ዛሬ ጭራውን አጥቼው ነበር።

ቀይ ቀለም አይፋቅም።
ኅዳጉ ላይ ጻፍሁ፦ «ሰዋስውሽ ተሳስቷል። አንቺ ግን»
ብዬ ቆምሁ፤ ዐረፍተ ነገሩ እስካሁን እዚያው ነው።

ግማሽ ነጥብ ቀነስሁባት።
ስሕተቱን ዝም ብሎ የሚያልፈው ለእንግዳ ነው፣
የቤት ልጅ ትታረማለች አልሁ ለራሴ።
ወይስ ይህም የመምህር ማሳበቢያ ነው?

እዚህ አራት ሰዓት ሊሆን ነው።
ማዶ ያለው መብራት ጠፋ፤
እዚያ አምስት ሊሆን ነው፣ ሰው ይተኛል።