ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ

ሰኔ ሠላሳ ማታ፣ ከአራዳ ዝቅ ብላ
ባዘመመች አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣
ዝናቡ ጣራውን እንደ ሽንብራ ሲቆላ፣
የዓመቱን ደረሰኝ ባንድ ባንድ ስገልጥ፣
እኔ ገንዘብ ያዡ፣
መነጽሬ በክር የታሰረ፣
የካላዛርን ዓመት በቁጥር ልቋጥረው
እታገል ነበረ።

ገቢ።
ከአባላት መዋጮ፣ ከዕድሩ ሣጥን፣
ከአዘዞ ነጋዴ፣ ከቀሃ ምዕመን፣
አንድ ሰሊጥ ላኪም ለመልካም ሥራ ስም
ስሙን በትልቁ፣
ብሩን በትንሹ ጽፎ ሰጥቶናልም።

ወጪ።
ፍሪጅ አለን አንድ፣ ደም የሚያድርበት፤
መብራት ሄደ ባሉ ቁጥር ነዳጅ ገዝተንለት
ከተማው ጨልሞ፣
እሱ ብቻ በርዶት፣ ተኮራምቶ ያድራል።
መርፌና ብልቃጥ፣ የመተማ መንገድ፣
የአሸዋ ዝንብ ወጥመድ፣
የወጥመዱም ባትሪ፣ የባትሪውም ሌባ፣
(እሱን «ልዩ ልዩ» በሚለው አስገባሁ፤ ሌላ የት ይግባ?)

ኦዲተሩ ጓንጉል እርሳሱን እየነከሰ፦
«ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥናት ገንዘብ ፈሰሰ፤
ውጤቱ ምንድነው?»
እኔም ይህንኑ
ዶክተር ትርንጎን ጠይቄያት ነበር።
«ሁለቱን መድኃኒት ብናዳብል ብለን
ነበር የጀመርነው፤ አልሠራም» አለችኝ፤
«አለመሥራቱን ግን ዛሬ እናውቃለን።»
እንዲህ ያለ ዕውቀት በየትኛው ዓምድ እንደሚሰፍር
አላስተማሩኝም ንግድ ሥራ ስማር።
በወጪ ጻፍኩት።
እጄ ግን ጥቂት አመነታ።

ከዚያ ሃምሳ ብር።
ትርፍ ናት። ደረሰኝ የላት፣ ሰጪ የላት፣
ሚዛኑን አዛብታ ከካዝናው ጥግ ያገኘኋት።
ጓንጉል ተበሳጨ፤ «ሲጎድል ይገባኛል፣
ሲተርፍ ግን ያስፈራል።»

አስታወስኩ። ታኅሣሥ ነው።
አዛናው የሚባል የደምቢያ ልጅ
ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ፣
ጣፊያው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሆዱ ውስጥ ከብዶ፣
በሰው ጀርባ ገቢ፣ በእግሩ ወጪ ሆኖ፣
ከሰጠነው መሳፈሪያ ላይ
ሃምሳዋን አጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ
«ለሚመጣው ይሁን» ብሎ አስቀመጠ።
ደረሰኝ ልቆርጥ ስል ደጁን አመለጠ።

ስድስተኛው ወሩ ሰኔ አሥራ ሁለት ነበር፤
ደሙ ዳግም ይታይ፣ በሽታው እንዳይሰወር።
አልመጣም።
በትርንጎ መዝገብ፣ ከስሙ ትይዩ፣
በቀይ ቀለም፦ ቀሪ።
በእኔም መዝገብ፣ ከሃምሳዋ ትይዩ፣
በሰማያዊ፦ ቀሪ።

«ከሌላ ገቢ ጋር ቀላቅለህ ዝጋው» አለኝ ጓንጉል፣
ጃንጥላውን እየፈለገ።
ልክ ነው። ሕጉም ይፈቅዳል።
ግን አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ፦
አዛናው አበጀ፣ ብር 50፣
ወደ ሐምሌ ዞሯል።

ትቶልን የሄደው ስልክ የባለሱቅ ነው፣
የቆላ ድባ ባለሱቅ፤
ክረምት ሲገባ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።
ነገ ጧት፣ ከባንክ በፊት፣ እደውላለሁ።