ስንት ናችሁ?

ከደብረ ታቦር መጣሁ፣ ዝውውር ነው ወረቀቴ፣
አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ፣ ይኸው ነው ጠቅላላ ሀብቴ።
አያልሰው የሚባል ደላላ፣ ጥርሱ መሀል ስንጥር ይዞ፣
«የት ሰፈር ነው የምትፈልጊው? ፒያሳ ነው ወይስ አዘዞ?»
አለኝ። እንዴት ልንገረው? ከተማውን መች አወቅሁት?
ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም ከአውቶቡስ መስኮት።

መጀመሪያ ፒያሳ።
መስኮቱን ስከፍተው ግንቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤
አከራዩ ይህን ያውቃል፤ ግንቡንም አብሮ ያከራያል።
«ስንት ናችሁ?» «ብቻዬን ነኝ።» «ሥራሽስ?» «ውሃ አገልግሎት፤
ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ ሰኞ ልጀምር።» ይኼኔ ተነሣ ጩኸት፦
«አሥራ ሦስት ቀን! አሥራ ሦስት ቀን ቧንቧው አየር ሲያስነጥስ!
ቆጣሪው ግን ይዞራል! ማነው ለኔ የሚደርስ?»
ገና ወንበሬን ሳላይ ያለፈውን ዕዳ ተጠየቅሁ፤
ከዚያ ወዲህ ሥራዬን «ቢሮ ነው» እያልሁ አለፍሁ።

ከኮሌጁ ጀርባ ደግሞ የግድግዳው ነገር ሣሣ፤
ወዲያ ማዶ አንድ ተማሪ የአጥንት ስም ይዞ ተነሣ፤
ከራስ ቅል ጀምሮ ሲጠራ፣ ቁርጭምጭሚት እስኪደርስ፣
ቆመን ሰማን፣ እንደ ጸሎት፣ መሀል ወጥተን እንዳናፈርስ።
«ስንት ናችሁ?» «አንድ።» «ልጅስ?» «የለም» አልሁ፤ ዋሸሁ።
አያልሰው ነበር የመከረኝ፤ «ለዛሬ» ብዬ ተቀበልሁ።

አዘዞ ርካሽ ነው አሉ፤ የባጃጁን ደምሬ ሳየው
ፒያሳ ሆኖ ቁጭ አለ። ገንዘብ ያዥ መሆን ይኼ ነው።

ቁስቋም፣ ዳገቱ ላይ፣ ነፋሱ ብርድ ልብስ የሚያስመኝ፣
ከተማው ሁሉ ከታች፣ ቆርቆሮው እንደ ሐይቅ ሲታየኝ፣
ልቤ «እዚህ» አለ። እግሬ ግን ዳገቱን ቆጥሮ ኖሯል፤
የቢሮዬ ውሃ እንደሆነ ዳገት መች ይደፍራል?

ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነው። በገበያው ስናቋርጥ
ቀይ ጫማ ገዛሁ፣ ሃያ አምስት ቁጥር፣ ሳልከራከር፣ ሳልመርጥ።
ቦርሳዬ አልዘጋ አለ፤ ተረከዙ ወደ ውጭ ቀረ፤
አያልሰው አየ፣ ስንጥሩን ጣለ፣ አንድም ቃል አልተናገረ።

ከአንገረብ አፋፍ ላይ፣ ስሙን በወጉ ካልያዝሁት ሰፈር፣
በጭቃ የተለሰነ ቤት፣ ሲከፈት የሚያጉረመርም በር።
እትዬ ትርንጎ በርጩማ ላይ በርበሬ ይቀነጥሳሉ፤
እጃቸው ላይ እንዳቀረቀሩ «ግቢ፣ እይው» ይላሉ።
ክፍሉ አንድ፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፤ ውሃው ረቡዕና እሑድ ሌሊት፤
ደፉ ግን ከጉልበት በላይ፣ መሬቱ በጎርፍ የተሸረሸረበት።
«ስንት ናችሁ?» ሊሉ ነው ብዬ «አንድ»ን ምላሴ ላይ አዘጋጀሁ፤
አልጠየቁም። ዓይናቸው ብቻ ቦርሳዬ ላይ አርፎ አየሁ።
«ይህ ደፍ...» አሉ፣ በርበሬውን ከቀሚሳቸው አራግፈው፣
«ለዚያ ጫማ ይበዛበታል። ጓሮ ድንጋይ አለ፤ አንተ፣ ና ግፋው።»

ከዚያ ያለው አጭር ነው። ደላላዬ ኮቱን አወለቀ፤
ድንጋዩ ሁለት ጊዜ ተንከባሎ ደፉ ሥር ወደቀ።
አሮጊቷ በእግራቸው ነካ አርገው «ይወዛወዛል» አሉ፤
ጠጠር ወሸቅን ከሥሩ፤ ረገጡት በክብደታቸው ሁሉ።

ኪራዩን ገና አልነገሩኝም።
ለእናቴ ደወልሁ። «ሐመልማልን ስጪኝ።» ተንፈስ እያለች ቀረበች።
«ደረጃ መቁጠር ትችያለሽ?» «እስከ ሃያ!» ብላ ፎከረች።
እትዬ ትርንጎ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ስንት ሆናችሁ?» አሉ።

«ሁለት ነን» አልሁ። «ደግሞም... ውሃ ቢሮ ነው የምሠራው።»
ዝም አሉ። አንድ በርበሬ ቀነጠሱ። «እንግዲያስ ረቡዕ የሚመጣው
ስንት ሰዓት ነው?»