ከ«መ» በታች

ሰባተኛ «ለ» ክፍል፦ አሥራ ስድስት ዴስኮች፣
ሦስት ሦስት የተጣበቡ አርባ ሰባት ልጆች።
ስታካፍለው ጊዜ አንድ ቦታ ይተርፋል፤
ክፍሉ ሒሳብ ያውቃል፤ አውቆም ዝም ይላል።

«የተፈጥሮ አደጋ በሰው ላይ ያለው ጉዳት»
ብዬ ጻፍኩኝ ርዕሱን፤ ምዕራፍ ሦስት፣ ክፍል አራት።
በረዶ የበሳው ቆርቆሮ ብርሃን ያንጠባጥባል፤
ጠብታው ደብተር ላይ፣ ፀጉር ላይ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያርፋል።

«በይ እስቲ፣ ባንቺአምላክ፣ ጎርፍ ምን ያደርጋል?»
«ሕይወት ያጠፋል፣ መምህር። ንብረት ያወድማል።
ድልድይም ይሰብራል። መንገድም ይቆርጣል።»
ልክ ናት።
መጽሐፉም እንደዚሁ ይላል።

ይርሳው ግን ያን ቀን እጁን አወጣ፣
ያ ከኋላ ወንበር ድምፁ የማይወጣ።
«ይርሳው» ያሉት፣ የሞተ ታላቁን እንዲያስረሳ፤
ስሙ በተጠራ ቁጥር ያ ሟች የሚነሣ።

«መምህር፣ እኛን ጎርፍ አልነካንም» አለኝ።
«ሰውም አልሞተብን።
መስከረም ሃያ ሁለት ነው፤ ስንዴው እሸት ይዞ፣
ወረደ ከጮቄ አናት ነፋሱን ጓዝ አስይዞ።
ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ፀሐይ ፍንትው አለ፤
አባቴ ማሳው መሐል ቁጢጥ ብሎ ዋለ።
አንዲት ዘለላ ፈትጎ በትንፋሹ አበጠራት፤
ገለባዋ ሲሄድ ፍሬ አልተገኘባት።

«ከዚያ የማዳበሪያው ዕዳ ከደጃችን መጣ፤
ቦራ በሬያችን ለቢቸና ገበያ ወጣ።
ዳማ ብቻውን ቀረ፤ አንድ በሬ አይጠመድ፤
አባቴ መተማ ወርዷል የሰው ሰሊጥ ሊያጭድ።
እናቴ ራት ሲቀርብ ‹ጠግቤያለሁ› ትላለች፤
ሳትበላ የምትጠግብ እናት የት አለች?
ትብለጥ…»
አለና ወደ ሦስተኛው ዴስክ አየ፤
ቃሉ እዚያ ሲደርስ ከአፉ ተለየ።

«ደብረ ማርቆስ ነች» አለች ባንቺአምላክ ከፊት፣
«ሰው ቤት ልጅ ታዝላለች።
እኔ ነኝ እስከ መናኸሪያ የሸኘኋት።»
ይህን ከመጽሐፍ አልሸመደደችም።
እኔም ዳስተር ይዤ ዞርኩ፤
ከሰሌዳው ላይ የቱን እንደማጠፋ አላውቅም።

የፈተናው ዕለት፣ ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ፦
ከሚከተሉት ውስጥ የበረዶ ጉዳት የቱ ነው?
ሀ. ሰብል ማውደም
ለ. እንስሳት መግደል
ሐ. ጣሪያ መብሳት
መ. ሁሉም መልስ ናቸው

ይርሳው አንዱንም አላከበበ፤
ከ«መ» በታች በስክሪፕቶ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ አጥብቆ፣
ሌላ ፊደል ጨመረ፣ ደጋግሞ አድምቆ፦
ሠ. ትብለጥ።

ከወረዳ የመጣው የመልስ ቁልፍ «መ» ይላል።
ቀይ ብዕሬ ቆሞ ቆሞ አንዲት ነጥብ ቀለም ጣለ።
አንድ ማርክ ሰጠሁት።
አንድ ማርክ ምን ይሆናል?
ዕዳ አይከፍል፣ በሬ አይመልስ፣
ልጅ ከሰው ቤት አያወርስ፣
መተማ ድረስ አይደርስ።

ዘንድሮም ያው ምዕራፍ ነው። ፈተናውን ሳወጣ
ከ«መ» በታች አንድ መስመር ባዶውን ተውኩ።
ርዕሰ መምህሩ በጣቱ ነክቶ «የጽሕፈት ስሕተት ነው?» አለኝ፤
«አይደለም» አልኩ።
ለምን እንደሆነ ለልጆቹም አልነገርኩ።
ከአርባ ዘጠኝ ወረቀት
አርባ አንዱ ላይ
መስመሩ ተሞልቶ መጣ።