ሰባተኛው ቫልቭ

የካቲት ነው፤ ኬሚ ላይ ባሕሩ ድንጋይ ሆኗል፤
የመጋዙ ጩኸት በበረዶ ታፍኗል።
ራይያ ኩኦፓላ ከኢንሹራንሱ መጣች፤
ቦት ጫማዋን በሩ ላይ ሁለቴ መታች።
«እንኳን ደህና መጣሽ» አልን፤ ከአንገት በላይ ነበር፤
ማን ይወዳል እንግዳ ጓዳ ገብቶ ሲቆጥር?

እኛ ጣውላ ስንል፣ እሷ ማገዶ አየች፤
እኛ ሞተር ስንል፣ ኩሽኔታ ዳሰሰች።
መሰላል ወጥታ፣ ከብረት ወራጁ ላይ፣
የብናኙን ውፍረት በጥፍሯ ልታይ፣
ያለ ቀለም፣ በጣቷ፣ የዕለቱን ቀን ጻፈች።
የእንጨት ዱቄት ነው፤ ለስላሳ፤
ቢተዉት ይተኛል፣ ቢነኩት ይነሣ፤
ሲነሣ ብልጭታ ካገኘ ግን
ጣሪያም አያቆመው።

ሥራ አስኪያጁ ታይስቶ ከት ብሎ ሳቀና፣
«አርባ ዓመት አልነደደም! ይኸው እስከ ዛሬ ደህና!»
እሷም ቀና ሳትል፣ እርሳሷን እየቀረጸች፣
«አርባ ዓመት ያልነደደ፣ አርባ ዓመት ደርቋል» አለች።

ሰባተኛው ቫልቭ ጋ ስንደርስ፣ ከማድረቂያው ጀርባ፣
ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ወጣና ገባ።
ከገና በፊት ነው፤ ውርጩ ቧንቧ ሰንጥቆ
ውሃ ሲያንጠባጥብ፣ ወለሉን አጥለቅልቆ፣
ዘጋሁት በእጄ፤ «ነገ እጠግነዋለሁ» ብዬ።
«ነገ» ሳምንት ወለደ፤ ረሳሁት እንደ ዕዳዬ።

መዘውሩን ይዛ ወደ ግራ ሞከረች፤
ቁጥሩን መዘገበች፤ «ማን ዘጋው?» አላለች።
አንዴ ብቻ አየችኝ፤ ፊቴ ሳይነግራት አልቀረም፤
ስሜ ግን በሪፖርቷ አንድም ቦታ አልሰፈረም።

አሥራ አራት ምክር መጣ፣ ቀን የተቆረጠለት፤
ታይስቶ አጉረመረመ፤ ግን ወጪውን ፈረመበት።
እኔ ፖስታውን አልጠበቅሁ፤ የዚያኑ ሌሊት ሄጄ
ቧንቧውን በየድኩ፣ ቫልቩን ከፈትኩ በገዛ እጄ።

ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል፣ ቅጠሉ ይህ ኖሯል፦
በእርሳስ የተሞላ፣ ጠርዙ የታጠፈ ወረቀት።

ሚያዝያ ላይ አንድ ሌሊት የማጓጓዣው ኩሽኔታ ጋለ፤
ከክምሩ ሥር ብልጭ፣ ከዚያ ጭስ ቦለል አለ።
ከጣሪያው ውሃ ወረደ፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ
የቀረው አንድ ጥቁር ሰንሰለት፣ የራሰ ጣውላ።
ጋዜጣ አልጻፈውም፤ ያልሆነ ነገር ማን ይጽፋል?
ባልሞተ ሰው ቀብር ላይ ማን ቆሞ ያለቅሳል?
ከሌሊት ፈረቃው ስምንት ሰው፣ ስምንቱም ቤቱ ገባ፤
ኤይኖ ልጁን ትምህርት ቤት አደረሰ፤ ካልሲው ብቻ እንደራሰ።

በዓመቱ ተመልሳ ያንኑ መሰላል ወጣች።
«ሰባተኛውን የዘጋሁት እኔ ነኝ...» ስላት፣
«ዛሬስ ክፍት ነው?» አለችኝ።
«ክፍት ነው።»
«በቃ።»
ጣቷን በወራጁ አሻሸች፤ በመብራቱ አየችው፤ ንጹሕ።
ደብተሯ ላይ «ምንም» ብላ ጻፈች፤
ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ፣
«ያ ሽቦ ግን ለምን ተላጠ?» አለች።