ያልተተረጎመች ፊደል

ዊኒፔግ፣ የካቲት፤ ብርዱ ሠላሳ ሁለት ከዜሮ በታች፣
ትርፌ፣ የእኔው እኩያ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።
እኔ በመሃል ነኝ፤ ቃል ከአፍ ወደ አፍ አሻጋሪ፣
ምስጢር ላልናገር የፈረምኩ፣ በሰዓት ተቀጣሪ።

ኮሊን እርሳስ ይዛ ትውልድ ትሥላለች በወረቀት፤
ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ ናት።

«አባትሽ በምን ሞቱ?» አልኩ፣ ድምፄን አለዝቤ።
«በሆዱ።»
«አጎትሽስ?» — «በመስከረም ታሞ ኅዳርን ሳይሻገር።»
«አያትሽ?» — «መድኃኒት አብልተውት ነው ይላል አገር።»

ቃል በቃል ለኮሊን ነገርኳት፤ እሷም ዝም ብላ
ሁለቱን አራት ማዕዘን ሞላቻቸው በእርሳስ ጥላ፤
ለአያትየው የጥያቄ ምልክት አኖረች ከጎኑ ነጥላ።

ትርፌ ወረቀቱን አየችና ከንፈሯን መጠጠች፤
«ሰባት ቤት መቁጠርማ እኛም እናውቃለን» አለች።
«ግን የምንቆጥረው ለሠርግ ነበር፤
ማን በምን እንደ ሞተ አልገባም ከቁጥር።»

በእኛ አፍ አንጀት ሥጋ ብቻ አይደለም፤ በሐዘን ይበላል፣
በርኅራኄ ይላወሳል፣ ደግ ቃል ያርሰዋል፤
ካንሰር የሚባል እንግዳ ከዚህ ሁሉ መካከል የት ይቀመጣል?

ማሪቴስ መጣች፤ ክንዷን በላስቲክ አስራ ደም ሥሯን ዳሰሰች፤
ሁለት ብልቃጥ፣ ክዳናቸው ወይን ጠጅ።
ትርፌ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤
«መሬቱን ወንድሞቼ ተካፈሉት፤ የእኔ ድርሻ ይህች ናት» አለች።

ስድስት ሳምንት።
በረዶው ከመንገድ ዳር ጠቁሮ፣ ጎድፎ፣ ቀለጠ በከፊል።
ያው ክፍል፣ ያው ወንበር፤ ኮሊን ዘረጋች ያንን ፋይል፦
«አንድ ፊደል ተለውጧል። ትርጉሙ ግን ገና አልታወቀም፤
ክፉም አንለው፣ ደግም አንለው፤ አልተፈረደም።»

ይህን ተረጎምኩ። ትርፌ ዞራ ትክ ብላ አየችኝ፤
«ትርጉሙ ካልታወቀ፣ ታዲያ አንቺን ምን ሊያደርጉ ቀጠሩሽ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። አስተርጓሚ አይስቅም፤ በደንቡ ተጽፏል።
«ምን አለች?» አለች ኮሊን። ያንንም ተረጎምኩላት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በችሎት፣ በማዋለጃ ቤት፤
ሐኪም፣ ታካሚ፣ እኔም፣ ሦስታችን በአንዲት ፊደል ፊት
እኩል መሃይም ሆነን የቆምነው
ያን ቀን ነው።

«ቢሆንም» አለች ኮሊን፣ «ደሙ ዝም ቢል ወረቀቱ ይናገራል፤
አባትና አጎት አሉ፤ በየሁለት ዓመቱ አንጀትሽ በካሜራ ይታያል።»
ስለ ማጠቢያው መድኃኒት ገጽ ሙሉ አነበበች፤
እኔ «ኮሶ ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ ትርፌ የቀረውን ሳትሰማ ራሷን ነቀነቀች።

ማታ ፖርቴጅ ጎዳና ላይ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ውስጥ፣
ጀርባዋን ሰጥታኝ ስልክ ትደውላለች፤ እዚያ አልፏል እኩለ ሌሊት።
«አይሸሹም? እኔ ነኝ። ተነሥ እስቲ፣ ማንም አልሞተም።
ስለ መሬቱ አይደለም የደወልኩት፤ መሬቱን ተወው፣ ግድ የለም።
ሆድህን...»
ጓንቷን በጥርሷ ይዛ ሳበች፣ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች፤
«ሆድህን ያምሃል ወይ?» አለች።

መልሱን አልሰማሁም።
አውቶቡሴ መጣ።