አንተ ሰው

ከዘጌ ተነሣን፣ እኔና ቸኮለ፣
ሁለት ታንኳ እንጨት
ለባሕር ዳር ገበያ ልናደርስ ለንጋት።
ነፋስ አልነበረም፤ ሐይቁ ዘይት መስሎ ኮከብ ተሸክሟል።
ቸኮለ ከኋላዬ «እንቅልፌ መጣ» አለ፤
ስሙ ነው እንጂ እሱ መቼ ይቸኩላል።

እኔም መቅዘፊያዬን ጭኔ ላይ አጋድሜ
«ለአፍታ» ብዬ ነበር ዓይኔን የጨፈንኩት፤
ለአፍታ ነው ሁሉም ሰው የሚተኛው፣ ወንድሜ፣
ኋላ ነው ሌሊት የምትሆነው ያቺ ቅጽበት።

ጣና የት ላይ አባይ እንደሚሆን ማን ያውቃል?
ድንበር የለው፣ ምልክት የለው፤
ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ደንገሉም ያው ደንገል፣
ብቻ ዝም ብሎ መሄድ ይጀምራል፤
የተኛ ሰው ደግሞ መሄዱን አያውቅም፣
አልጋው ላይ ያለ ነው የሚመስለው።
ከፊት የግድቡ በር ተከፍቶ ያጉረመርማል፤
እሱንም በሕልሜ የእናቴ ወፍጮ አድርጌ ሰማሁት፣
እንዲያውም ደስ አለኝ፤
ዱቄት ዱቄት ሸተተኝ።

ጥሪ አልጎደለም። የጊዮርጊስ ደወል ተደውሏል፣
ዲያቆኑ በድምፅ ማጉያ «ተነሡ» ብሏል፤
ለሁሉ ነው፤ ለሁሉ የሆነ ነገር
ለእኔ አይመስለኝም፣ ዱሮም እንዲሁ ነበር፤
ሰባኪ በአደባባይ «ና» ሲል
ዞር ብዬ ከኋላዬ ያለውን ነበር የማየው።

ያኔ ነው የሰማሁት፦
«ወልደ ሰንበት!»

በገበያ ጌጡ ነኝ፤ ለባለዕዳዬ ጌጡ፣ ለሚስቴ ጌጡ፣
በቀበሌ መታወቂያም ጌጡ።
ያን ስም የሚያውቁት ሦስት ነበሩ፤
እናቴ፣ አፈር ናት፤
የክርስትና አባቴ፣ መተማ እንደ ሄደ ቀረ፤
የነፍስ አባቴ፣ እሳቸውም አርጅተው
እንኳን የኔን የራሳቸውን ስም ረስተዋል።
ታዲያ ማን ነው?

ነቅቼ ነው የሰማሁት ወይስ ሰምቼ ነው የነቃሁት?
እስከ ዛሬ አላውቅም።
መቅዘፊያው እጄ ውስጥ ነበረ፤ እጄ ቀዘፈ፣
የሰው እጅ ይመስለኝ ነበር።
ደንገሉን ጨበጥሁት፣ መዳፌን ሸረከተው፤
ጠባሳው ይኸው።

ዳር የቆመው የግድቡ ዘበኛ
ባትሪውን ዓይኔ ላይ አብርቶ «አብደሃል?» አለኝ።
«ስሜን ማን ነገረህ?» አልኩት።
«የምን ስም? እኔ ምን አውቄ!
'አንተ ሰው' ነው ያልኩት፣
'አንተ ሰው! አንተ ሰው!' ጉሮሮዬ እስኪዘጋ።»
ድምፁን ለየሁት፤ አዎ፣ የሱ ነበረ።
ስሙ ግን ከሱ አልመጣም።

ቸኮለም ሰምቷል። ያው ድምፅ፣ ያው ውሃ፣ ያው ጨለማ።
«ሰማሁ፣ ሰማሁ» ሲል ዘበኛው ምስክር ነው፤
«ሰማሁ» ብሎ ጋቢውን ሳበ።
ጠዋት እንጨቱ ብቻ
የግድቡ ብረት ላይ ተደርድሮ ተገኘ።

ስለዚህ «ለምን አንተ?» ስትሉኝ መልስ የለኝም።
ከሱ አልተሻልሁም።
ያን ሌሊት እንዲያውም ከሱ ክምር ሰርቄ
ሦስት ጉማጅ ታንኳዬ ላይ ጭኜ ነበር።
ቄሱ ስለ ጸጋ ሲያስረዱኝ ራሴን እነቀንቃለሁ፤
ልቤ ግን ጉማጅ ይቆጥራል፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

አሁን ሲመሽ ከዘበኛው ጎን እወርዳለሁ።
ታንኳ እንደ ጥቁር ነጥብ ተንሳፎ ሲመጣ
«አንተ ሰው!» እላለሁ፤
የኔ ድርሻ ይቺው ናት፣ ከጉሮሮ የምትወጣ።
ስሙን መጥራት የኔ አይደለም።

አንዳንዱ እጁን አወዛውዞልኝ ተመልሶ ይተኛል።
አንዳንዱ ደግሞ ድንገት ብድግ ይላል፤
እኔን ግን አያየኝም፤
ዓይኑ እኔን አልፎ
ከኋላዬ ዳሩን ይፈልጋል።