ከመዙዛው በታች

ረሖቦት፣ ቂርያት ሞሼ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ሥልሳ ስምንት ደረጃ ነው፤ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ?
ድሮ በሁለት እጄ ዘንቢል አንጠልጥዬ፣
እንደ ፍየል እወጣው ነበር ዘልዬ ዘልዬ።
ዛሬ ሁለተኛው ፎቅ፣ ሱልጣና ደጅ ላይ ቁጭ፤
"ደረስሽ?" ትላለች፤
"ደረስኩ" እላታለሁ፣ ትንፋሼን ስውጥ፣ ስውጥ።

ሕክምናው አለቀ ብለው ደወል አስደወሉኝ፣
ነርሶቹ አጨበጨቡ፣ ኬክ አጎረሱኝ።
ማንም ግን አልነገረኝ፣ ደወሉ ዝም ሲል፣
ከገዛ ክንዴ ጋራ ሙግት እንደሚቀጥል።

ቀኝ እጄ ነው፤ ጡቴን በወሰዱት ወገን።
ከብብቴ ሥር ገመድ አለ፣ የሚወጠር ቀን በቀን።
ማበጠሪያ አያነሣም (ደግነቱ ጠጉር የለም)፣
ልብስ ከመስኮት አያሰጣም፤
ይሁን፤ ይሄስ ግድ የለም።
የቆጨኝ የበሩ መዙዛ ነው፣
ሃያ ሦስት ዓመት ስወጣ ስገባ በቀኜ ነክቼ የምስመው።
አሁን ግራዬን እሰዳለሁ፣ እንደ ሌባ፣
ሰው ቤት እንደሚገባ።

ላሪሳ ትባላለች የክሊኒኩ ሴት፣
ከታሽከንት የመጣች፣ ጣቶቿ ብረት።
ዕብራይስጧ እንደ እኔው ሰባራ ነው፤ ስንገናኝ፣
ሁለቱ ሰባራ አንድ ሙሉ ይወጣዋል መሰለኝ።
ስሜን ጠየቀች። "ትርንጎ፤ ማለት ኤትሮግ" አልኳት።
"እንግዲያው ጫፉ እንዳይሰበር!" ብላ ሳቀች።
"ተሰብሯል" አልኳት።
ዝም አለች፤ ክንዴን በሁለት እጇ ያዘች፤
"ለበዓል ባይሆን ለማርማላታ ይሆናል" አለች።

መልመጃው "ሸረሪት" ይባላል፦
ግድግዳ ፊት ቁሚ፤ ሁለት ጣት ይራመድ ወደ ላይ፤
የደረሰበት ላይ ጭረት አድርጊ፤ ነገ ከዚያ በላይ።

ግድግዳ ፈለግሁ። ሁሉም ላይ ዕቃ ተደግፏል፤
ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ብቻ ክንድ የሚያህል ተርፏል፤
እዚያም የኦፊር ቁመት አለ፣ በእርሳስ የተሰመረ፣
አምስት ዓመት፣ ስምንት፣ ዐሥር፣
ዐሥራ ሰባት ላይ "እማ፣ ተይኝ" ብሎ የቀረ።
የመጀመሪያው ቀን አምስት ዓመቱ ላይ ቆምኩ፤
ፊቴ ሁሉ ረጠበ፤ ላብ ነው አልኩ።
"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ" ይለኛል በስልክ ዘመድ፤
እንቁላሉ ጎኑ ተቀዶ ቢሰፋ፣ እንጃ መራመድ!

ማታ ከሱልጣና ጋር እንወጣለን፣
እሷ ለስኳሯ፣ እኔ ለድካሜ፤
መጀመሪያ እስከ አግዳሚው ወንበር፣
በኋላ እስከ መናፈሻው፣ ቆሜ ቆሜ።
እዚያ ቢጫ የብረት ማሽኖች አሉ፤
ሁለት አሮጊት ሲጎትቱ አይተው ልጆቹ ሳቁ፤ ኋላ ግን ቆጠሩልን፦
እነሱ በዕብራይስጥ፣ ሱልጣና በሞሮኮ ዐረብኛ፣
እኔ በአማርኛ፤
ዐሥር ላይ ሁላችንም ተገናኘን።

ክረምት ገባና እጄ አበጠ።
ጭረቱ ሦስት ጣት ወደ ታች አፈገፈገ።
እርሳሱን ወረወርኩ። ግድግዳውን ሳላየው ሰነበትኩ።
ለሰንበት ኦፊር መጥቶ ሄደ፤
እሑድ ጠዋት ጽሑፍ አገኘሁ፣ ከጭረቴ ጎን፤
ፊደል በፊደል አነበብኩት፣ እንዳስተማረኝ ኡልፓን፦
"እማ፣ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።"
እርሳሱን ከሶፋው ሥር ፈልጌ አወጣሁ።

ትናንት ከገበያ ስመለስ፣
ሥልሳ ስምንቱን ወጥቼ፣ ሁለቴ ብቻ አርፌ፣
ግራዬ ሽንኩርት ይዟል፣ ልቤ ዱባው ረክሶ እንደሆን ያሰላል፤
በሩን በጉልበቴ ገፋሁና ገባሁ።
ጣቶቼ ከንፈሬ ላይ ሲደርሱ ነው የነቃሁ።
የቀኝ ጣቶቼ።

ሽንኩርቱን መሬት አስቀመጥኩ።
ወጣሁ። በሩን ዘጋሁ። እንደገና ገባሁ።
እንደገና ወጣሁ።
"ማን ነው በር የሚያንጓጓ?" አለች ሱልጣና ከታች።
ሦስት ጊዜ፣ ላሪሳ እንደምታዘው፣
በመሃል ትንፋሽ እየወሰድኩ።